ባዶዋ ብልቃጥ

በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ቦት ጫማ አውልቄ፣
ነጭ ጋዋን ለበስኩ፣ ጓንቴን አጥልቄ።
እኔ የማውቀው ቆጠራ ሌላ ነው፦
ግንዱን በእጄ ነክቼ፣ በደብተር የማሰፍረው፤
ኮሶ አምስት፣ ብሳና ሦስት፣ ዶቅማ አንድ፣
ደን ማለት ለእኔ ቅጠልና ግንድ።

አሠልጣኙ ይርሳው፣ ድምፁ የማይሰማ፣
"ዛፉን ተዉት" አለን፣ "ለጊዜው ይቁማ፤
ከእግሩ ሥር ቆፍሩ፣ አንድ ማንኪያ ዝገኑ፣
እዚያች ማንኪያ ላይ ነው የሚበዛው ደኑ።"

ከእንጅባራ ወጥተን ሁለት ቦታ ሄድን።
አንዱ የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ጥላው የከበደ፣
ያለ አባቶች ፈቃድ ጭራሮ ያልወረደ፤
ሁለተኛው የአቶ አንማው ማሳ፣
ጤፉ እምቢ ቢለው ዲከረንስ ያነሣ፣
በአምስተኛው ዓመት ከሰል አርጎ ሸጦ፣
ልጁን ያስተማረ፣ ሣሩን በቆርቆሮ ለውጦ።
"ምን ልትወስዱ ነው?" አለ፣ መጥረቢያውን ተደግፎ።
"አፈር።"
"ስንት ኩንታል?"
"አንድ ማንኪያ።"
ሳቀ፤ ሳቁ ተከተለን፣ እስከ አስፋልቱ ተርፎ።

የክትባት ሣጥን ከጤና ኬላ ተውሰን፣
በረዶ ደርድረን፣ አፈሩን አቅፈን
በባጃጅ ተመለስን። ሹፌሩ ዞር አለ፤
"ክትባቱስ እሺ፣ ሕፃኑ የታለ?"

ከዚያ መውቀጥ መጣ፣ በጠጠር፣ በሳሙና፣
የሕዋሱ ግድግዳ መፍረስ አለበትና።
ጥሩዘር፣ የቤተ ሙከራዋ፣ እጇ የማይናወጥ፣
"አውራ ጣትህን" አለችኝ፣ "አታስደንግጥ፤
እስከ ወለሉ ተጫን፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ልቀቅ፣
የጤዛ ግማሽ ናት፣ ከአየር ጋር አትደባለቅ።"
ሞፈር የሚያውቅ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፤
ሦስቱ ፈሰሰብኝ፣ አራተኛው ተቀመጠ።
በቀዝቃዛው አልኮል ዳር አንዲት ነጭ ፈትል ታየች፣
ከባዘቶ ቁራጭ የቀጠነች።
"የማን ናት?" አልኳት።
"የሁሉም" አለች፤ "የሥር፣ የሻጋታ፣ የትል፣
የሞተው ካለው ጋር በአንድ ድውር ተጠቅልሎ ይውል።"

ንባቡ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ።
ፊደሉ አራት ብቻ! ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ቆጥሬ ያደግሁ ሰው
በአራቱ ጠፋሁ፤ ዓይኔን ማን ይመልሰው።
ሺህ መጽሐፍ ተቀዶ፣ በአንድ ጆንያ ተቀላቅሎ፣
"ስፋው" እንደ መባል፣ "ቅዳጁን ከቅዳጁ አስተካክሎ"።
ኮምፒውተሩ ጥቁር ገጽ፣ ነጭ የትእዛዝ መስመር፤
አንዲት ክፍተት ብረሳ የሚቆጣ እንደ መምህር።
ሌሊቱን ሙሉ ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት፤
ሲነጋ ለካ የጎደለችው ነቁጥ ናት።

ውጤቱ ወጣ። ከአጸዱ አፈር
ከመቶው ስድሳ ሁለቱ "ያልታወቀ"፤
ከአንማው ማሳ ሃምሳው፣ እሱም "ያልታወቀ"።
የቀረውን በቀለም ለዩት፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤
ያልታወቀው ግራጫ ነበር፣ ሰፊ ግራጫ።

ባዶዋ ብልቃጥስ? ያቺ አፈር ያልነካችው፣
ለማመሳከሪያ ብለን ንጹሕ ውኃ የሞላናት?
እሷም ቆጠራ ወጣላት፦
ሰው። ድንች። በርበሬ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አወቅሁት፣
የማክሰኞ ምሳዬ ነው። ሰውየውም እኔ ነኝ።
ይርሳው ብቻ አልሳቀም፤ "ይመዝገብ" አለ፣
"ከሁለቱም ላይ ይቀነስ።"
ስለዚህ ከአጸዱ ተቀነስኩ፣
ከማሳው ተቀነስኩ፣
ድንቼም፣ በርበሬዬም።
ጋዋኔን ሳወልቅ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በሳምንቱ አንማው ዘንድ ሄድኩ፣ ቃል ስለነበረኝ።
"እህ፣ ስንት ሆኑ?" አለኝ።
"ስም ያላቸው ጥቂት ሺህ ናቸው" አልኩት፣
"ስም የሌላቸው ግን ከዚያም ይበዛሉ።"
መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አሳረፈ፣
የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት በአገጩ አመለከተ፣
ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
"ስም የሌለው ግብር አይከፍልም።
ዝም በል፣ እንዳይሰሙ።"

ከዚያ ወደ ማሳው ገባ።
ዲከረንሱ የሚወድቅበት ሳምንት ነበር፤
የከሰሉ ጭስ እስከ ማታ ድረስ ታየኝ።